ቁልፍ የሌላቸው አራት ቀሚሶች

ሰኞ 3

እማዬን ስትሮክ ከመታት ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ቀኗ ነው። ጠዋት ዶክተሩ መጥቶ «እኛ ጋ ያለው ሥራ አልቋል» ሲለኝ ክው አልኩ። ለካ ጥሩ ዜና ኖሯል፤ ከነገ ወዲያ ወደ ማገገሚያ ማዕከል ትዛወራለች። እዚያ ሃያ ስምንት ቀን አልጋ ተይዞላታል። ከዚያ ስብሰባ ይደረጋል፤ ወይ ወደ ቤቷ፣ ወይ ወደ አረጋውያን መኖሪያ፣ እስከ መጨረሻው። ከሁለቱ «ወይ» ሁለተኛዋን ጆሮዬ አልተቀበላትም። እናቴ ወደ ቤቷ ነው የምትመለሰው፣ አበቃ።

ከሰዓት ነርሷ የማዛወሪያ ቅጽ ይዛ መጣች። የጥያቄው ብዛት! ራሳቸው ይበላሉ? ራሳቸው ይለብሳሉ? የሚያስፈልጋቸውን ይናገራሉ? ለመቆም ይሞክራሉ? ልብስ ስፌት ሱቄ መቶ አርባ የተማሪ ዩኒፎርም ይጠብቀኛል፤ እማዬ ደግሞ አንድ ቃል ለማውጣት ደቂቃ ይፈጅባታል። ሁሉንም እኔው መለስኩ።

«እኔ እያለሁ እሷ ምን ቆርጧት!» አልኳት ነርሷን። «አበላታለሁ፣ አለብሳታለሁ፣ የምትፈልገውንም ከዓይኗ አውቀዋለሁ።»

«እና ራሳቸው አይችሉም ልበል?»

«በይ።»

በአምስት ደቂቃ ጨረስን። እማዬን በአንዲት ጥያቄ እንኳ አላደከምኳትም። ስፈርም በግራ እጇ እጅጌዬን ሳብ ሳብ አደረገችኝ። ቀኝ ጎኗ ነው የሰነፈው፤ ግራው ደህና ነው። ደክሟት ነው ብዬ ትራሷን አስተካከልኩላት።

ረቡዕ 5

ተዛወርን። በሩጫ ነው የምጽፈው። መኪናው አንድ ሰዓት ቀድሞ መጣ። ሻንጣው ገና አልተዘጋም። መነጽሯ መሳቢያ ውስጥ ቀርቶ ከበር ተመለስኩ። የመድኃኒት ዝርዝር ሁለት ወረቀት፣ የትኛው ነው የሚሠራው? ነርሷ አሮጌውን ሰረዘችልኝ። የክፍት ጫማዋ አንድ እግር እስካሁን የለም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ትል ነበር እማዬ።

«ትላለች» ለማለት ነው። ትላለች።

ሐሙስ 6

ማዕከሉ ባለ ሁለት ፎቅ ነው። ታችኛው ሁካታ ነው፤ ሰፊ አዳራሽ፣ ተደግፈው የሚራመዱበት ብረት፣ የትም የማያደርሱ አምስት የእንጨት ደረጃዎች፣ «አንድ! ሁለት! ጎበዝ!» የሚሉ ወጣቶች። ከሁሉም ድምፅዋ የሚሰማው የአካል እንቅስቃሴ ባለሙያዋ ናት፤ ቀጭን፣ ቀጥ ያለች፣ ስታይህ የምትወጋ። በልቤ «መርፌ» ብያታለሁ። ላይኛው ፎቅ ግን ጸጥ ያለ ነው። እማዬን ላይ ነው ያስተኟት፤ መስኮት ያለው ክፍል፣ ጡረታ ከወጡ አንዲት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ጋር። ደስ አለኝ። እዚህ ማንም አያንገላታትም።

ማታ ታላቅ እህቴ ከምትኖርበት ከተማ ደወለች። እሷ በሌለችበት እኔና ባለቤቴ «አዛዧ» ነው የምንላት።

«በቀን ስንት ሰዓት ያለማምዷታል?»

«ገና እያረፈች ነው እትዬ።»

«ዕረፍትማ ቤቷም አለ!»

ከሩቅ ሆኖ ማዘዝ ይቀላል። ሆድ ይፍጀው አልኩ።

ቤታችን የሚገባው አሥራ አንድ ደረጃ ተወጥቶ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ስወጣው ኖሬ የቆጠርኩት ዛሬ ነው።

ቅዳሜ 8

ዛሬ ዩኒፎርሙን ትቼ የእናቴን ሥራ ሠራሁ። አራት ቀሚሶቿን ከቁም ሳጥን አውጥቼ የፊታቸውን ቁልፍ በሙሉ ነቀልኩ፣ ሃያ ስምንት ቁልፍ። በቦታቸው ቬልክሮ ሰፋሁ፣ ያን ሲላቀቅ ጨርቅ የሚቀደድ የሚመስለውን ተጣባቂ። ቀዳዳዎቹን ከውስጥ ጨርቅ ደርቤ ደፈንኩ። አሁን በአንድ እጅ ሳብ ማድረግ ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን የምስበው እኔ ነኝ።

ቀዳዳዎቹ የእጇ ሥራ ናቸው። እማዬ አርባ ዓመት ስትሰፋ አንድም የቁልፍ ቀዳዳ በማሽን አውጥታ አታውቅም። እኔን ስታስተምረኝም መጀመሪያ ያሠራችኝ መቶ ቀዳዳ ነው፤ ሃምሳውን አስፈትታ እንደገና አሠርታኛለች። ዛሬ ስደፍናቸው እጄ አንገራገረብኝ። ምን ይደረግ፣ ከቀዳዳ እናት ትበልጣለች።

እሁድ 9

ሰማያዊውን ቀሚስ ወሰድኩላት። አገላብጣ አየችው። ቬልክሮውን በግራ እጇ ያዝ አድርጋ አላቀቀችው፣ ተንጫጫ። መልሳ ለጠፈችው፣ አላቀቀችው። ከዚያ ገፋችው።

«የኔ... አይደለም።»

«ያንቺ ነው እንጂ እማዬ! ሰማያዊው!»

«አይደለም» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

የገዛ ልብሷን ረሳች። በገዛ እጇ የቆረጠችውን! ለተረኛዋ ነርስ ነገርኳት፤ እሷም «ግራ መጋባት» ብላ መዝገቡ ላይ አሰፈረችው። ትጉህ ነርስ ናት፣ የነገሯትን ሁሉ ትጽፋለች። ወጥቼ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩና አለቀስኩ።

ማክሰኞ 11

ሾርባ አበላኋት። ማንኪያውን በግራ እጇ ልትይዝ ስትል ቀደምኳት፤ ብትደፋው ትቃጠላለች። ዳይሬክተሯ ከአልጋቸው ሆነው ያዩናል።

«ልጄ» አሉኝ፣ «አንተ ስትሄድ እኮ ታወራለች።»

«ማን?»

«እናትህ ናታ! ትናንት ስለ ሙያዋ ስታጫውተኝ አመሸች። ቀስ ትላለች እንጂ ትጨርሳለች።»

አይ እርጅና! ጨዋታ አምሯቸው ነው እንጂ እናቴ የምታወራ ብትሆን ለኔ አታወራም? «ይሁን እማማ» አልኳቸውና የሳቸውንም ትራስ አስተካከልኩላቸው። ብዙም ደስ አላላቸውም።

ዓርብ 14

ክፉ ቀን። ጠዋት አሥራ ስድስት እጅጌ ቆርጬ አሥራ ስድስቱም የግራ ሆነው ተገኙ። የጨርቅ ጠርዝ በሚዘመዝመው ኦቨርሎክ ማሽን ላይ የምትሠራው ባልደረባዬ ጠረጴዛው ላይ ደርድራ አሳየችኝና «ይሄኛው ትምህርት ቤት ቀኝ እጅ ክልክል ነው እንዴ?» አለች። ሳቄ መጣና ወዲያው ጠፋ።

ከሰዓት ማዕከሉ ስደርስ ነርሷ አንድ ወረቀት ሰጠችኝ፤ የአረጋውያን መኖሪያዎች ዝርዝር። «ወረፋው ረጅም ስለሆነ ከወዲሁ ቢያስቡበት ብዬ ነው» አለችኝ። ገና በዘጠነኛው ቀን! አንድ ቀን ታች ሳያወርዷት፣ አንድ እርምጃ ሳያስሞክሯት፣ አበቃላት ብለው ፈረዱ። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። እስካሁን እዚያው ነው፤ እጄን በከተትኩ ቁጥር ይነካኛል።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ከእትዬ ጋር በስልክ ታወራለች። «ማገገሚያ መግባት የነበረበት እሱ ነው» ስትል ሰማኋት። «ቢቻለው እኮ ይተነፍስላት ነበር።» ይሳሳቃሉ። ሰው ሲለፋ የሚያመሰግነው ያጣል። ተናድጄ ራት አልበላም አልኩ። በኋላ ራበኝና በላሁ።

ሰኞ 17

ጠዋት በቀጥታ ታችኛው ፎቅ ገብቼ መርፌ ፊት ቆምኩ። «እናቴ እዚህ ከመጣች አሥራ ሁለት ቀኗ ነው! አንድ ቀን ለመሞከር እንኳ አላወረዳችኋትም! አርጅታለች ብላችሁ ነው?» ስጮህ ብረቱን ይዘው የሚራመዱ አንድ አዛውንት ቆመው አዩኝ።

መርፌ አልተቆጣችም። ፋይል አወጣች። «ሰው ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማየው ወረቀቱን ነው» አለችና አነበበችልኝ። በራሳቸው አይመገቡም። በራሳቸው አይለብሱም። የሚያስፈልጋቸውን በቃል አይገልጹም። ለመቆም አይሞክሩም። ሙሉ በሙሉ በሰው እርዳታ። ከሥሩ በዚህ ቤት ነርስ እጅ ጽሑፍ፦ ግራ መጋባት፣ የገዛ ልብሳቸውን አይለዩም።

«እንዲህ የተጻፈለት ሰው ላይኛው ፎቅ ነው የሚያርፈው» አለች። «እዚህ አምጥተን እንዳናሠቃየው።»

ማነው ይሄን ውሸት የጻፈው ልል አፌን ከፈትኩ። እንደከፈትኩ ቀረሁ። «መረጃውን የሰጠው» የሚለው መስመር ላይ «ወንድ ልጃቸው» ይላል። አጠገቡ ፊርማዬ አለ፣ ያ ጅራተ ረጅሙ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። እኔ ደግሞ ከአፌ የወጣውን ቅጽ አስሞልቼ፣ ፈርሜ አጽድቄ፣ እናቴን ፎቅ ላይ አሰቅዬበታለሁ።

«እኔ እኮ አደርግላታለሁ ነው ያልኩት እንጂ...» አልኩ።

«አንድ ቀን ማንኪያውን ለሳቸው ሰጥተው ያውቃሉ?»

አላውቅም። ሆስፒታሉ ተጨምሮ በሃያ ስድስት ቀን አንድ ጊዜ አልሰጠኋትም። ነርሶቹም እኔ ሁልጊዜ ከአልጋዋ ሥር ስለማልጠፋ እጇ ሲሠራ የሚያዩበት አጋጣሚ አላገኙም።

ከዚያ ስለ ቀሚሱ ጠየቀችኝ። ስለ ቬልክሮው ነገርኳት፣ እንዲያውም መጀመሪያ ላይ ትንሽ እየኮራሁ።

«እናትዎ ሥራቸው ምን ነበር?»

«ልብስ ሰፊ።»

መርፌ ፋይሉን ዘጋች። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች። ሃያ ስምንት ቁልፍ ነቅዬ፣ የእጇን ሥራ ደፍኜ፣ «ያንቺ ነው» አልኳት፤ እሷም አይደለም አለች። እማዬ ግራ አልተጋባችም። እውነቷን ነው፣ የሷ አልነበረም። እሱን ነው ለነርሷ እንደ በሽታ ያስመዘገብኩባት።

አፍራለሁ። ይኸው ጻፍኩት።

ማክሰኞ 18

እንደገና ይመረምሯታል። ሐሙስ አራት ሰዓት። ከተሳካላት ታች ትወርዳለች፤ ከዚያ እስከ ስብሰባው አሥራ ሦስት ቀን። መርፌ ሁለት ነገር አዝዛኛለች። አንደኛ፣ ቁልፍ ያለው ቀሚስ ይምጣ። ሁለተኛ፣ እኔ ክፍሉ ውስጥ አልገባም። ሁለተኛው ከበደኝ። ለእትዬ ሁሉንም ነገርኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን «እኔም ብሆን እንዳንተ ነበር የማደርገው» አለችኝ። አዛዧ!

ረቡዕ 19

ቬልክሮውን ፈታሁ። ጨርቁን ነቀልኩ። ቀዳዳዎቹ አልተጎዱም፤ የሷ ስፌት እንዲህ በቀላሉ አይበላሽም። ሰባቱን ቁልፍ መልሼ ሰማያዊውን ይዤላት ሄድኩ።

«እማዬ፣ አጥፍቻለሁ» አልኳትና ቅጹንም፣ ግራ መጋባቱንም፣ ሁሉንም ነገርኳት። ከዚያ እስክትመልስልኝ ጠበቅሁ። መጠበቅ እንዴት ይከብዳል! ሦስት ጊዜ ቃሉን ላቀብላት አፌን ከፈትኩ፣ ሦስት ጊዜ ዘጋሁት።

«ቁልፍ የሌለው... ልብስ» አለች፣ «ሕፃን... ይለብሳል።» ትንሽ አረፈች። «እና... ሬሳ።»

ዳይሬክተሯ ከአልጋቸው ሆነው በሳቅ ፈረሱ። እማዬም ሳቀች፣ በግራ ጉንጯ ብቻ። ከታመመች ስትስቅ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

«አልነገርኩህም?» አሉኝ ዳይሬክተሯ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ ትራሳቸውን ግን አልነካሁም።

ሐሙስ 20

ኮሪደሩ ላይ ሁለት ወንበር አለ። በአንዱ እኔ ተቀመጥኩ፣ በሌላው ቦርሳዬ። በሩ ሲዘጋ እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። መጀመሪያ የመርፌ ድምፅ ተሰማኝ፣ ከዚያ ምንም። ከዚያ ማንኪያ ወለል ላይ ወደቀ። ተነሣሁ። ተቀመጥኩ። ከዚያ የእማዬ ድምፅ፦ «ቆይ... ራሴ።»

ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ሃያ ሦስት ደቂቃ አየሁት። በሩ ሲከፈት እማዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፣ ሰማያዊውን ቀሚስ ለብሳ። አምስት ቁልፍ ቆልፋለች፣ ስድስተኛው ላይ ናት። ጣቷ ይንቀጠቀጣል፣ ቁልፉ ቀዳዳው አፍ ላይ ደርሶ ይመለሳል። ልረዳት ስንቀሳቀስ መርፌ በዓይኗ ወጋችኝ። ቆምኩ። ገባላት። ሰባተኛውን ተወችው።

«እሱንስ አይሞክሩም እማማ?» አለቻት መርፌ።

«እሱ... ያንቃል» አለች እማዬ። እውነቷን ነው። ሠላሳ ዓመት ስትለብሰው አንድ ቀን ቆልፋው አታውቅም።

ከሰዓት በኋላ ታች ወረደች። መርፌ ቅጹን ከላይ እስከ ታች እንደ አዲስ ሞላችው፤ መረጃውን የሰጠው በሚለው መስመር ላይ «ራሳቸው» ብላ ጻፈች።

ሰኞ 24

ቆመች። ብረቱን ይዛ አራት እርምጃ። ሁለት ደረጃ። እኔ ጥግ ላይ፣ ሁለቱም እጄ ኪሴ ውስጥ። መርፌ «ጎበዝ!» ስትል ለሷ ይሁን ለኔ ልጠይቅ ነበር።

ረቡዕ 26

አምስቱንም የእንጨት ደረጃ ወጥታ ወረደች። ቤታችን ጋ አንድ ብየዳ ሠራተኛ ለደረጃው በሁለቱም በኩል መደገፊያ እየሠራለት ነው። ዩኒፎርሙ ሰማንያ ደርሷል፤ እጅጌውም ቀኝና ግራ ነው።

ዓርብ 28

ሦስተኛው ደረጃ ላይ እግሯ ከዳት። መርፌ ይዛት ቀስ ብላ አስቀመጠቻት፣ ጉልበቷ ግን ተላጠ። «በቃ! ይቅርባት!» ብዬ ጮህኩ። ማታ እትዬም ፈራች፤ «ለሷ የሚሻላት መኖሪያው ይሆን እንዴ?» አለችኝ። ኪሴ ውስጥ ያለውን ወረቀት አውጥቼ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉውን አነበብኩት። ቤቶቹ ክፉ አይደሉም። ጥሩም ሰው ይኖርባቸዋል። ግን እሷ ሳትሞክር አይሆንም።

ቅዳሜ 29

ጉልበቷን እያየሁ መሆኔን አየች።

«ሙያ ስትማር» አለችኝ፣ «ስንት ጊዜ... ጣትህን... ወጋህ?»

«መቼ ቆጠርኩት!»

«አስቆምኩህ?»

አላስቆመችኝም። ጨርቅ ላይ ደም እንዳላንጠባጥብ ነበር የምትቆጣኝ። ከሰዓት በኋላ ሦስተኛውን ደረጃ ደግማ ወጣችው።

እሁድ 30

ከሆስፒታል ስንወጣ በችኮላ ያደረግነውን አሁን በእርጋታ ለማድረግ ቁጭ አልን። ቤት የሚመጣ ነርስም፣ ባለቤቴም፣ እኔም የምናየው አንድ ወረቀት። እሷ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ራሴ የምሠራው፦ መብላት፣ ፊቴን መታጠብ፣ ልብሴን መልበስ፣ ሰው ካጠገቤ ካለ መራመድ። የምታግዙኝ፦ ገላ መታጠብ፣ ደረጃ መውረድ። የመድኃኒቱን ዝርዝር ከማዕከሉ ነርስ ጋር አንድ በአንድ አመሳክረን በአንድ ገጽ ጻፍነው። ፊቷ ወይም ንግግሯ በድንገት ከተለወጠ ሳንውል ሳናድር ወዴት እንደምንደውል በትልቁ። አንድ ገጽ ከሰዓቱን በሙሉ ፈጀብን።

«ሌላ የቀረ አለ?» ስላት አሰበች፣ አሰበች።

«‹ስናገር... ጠብቁኝ› ብለህ... ጻፍ» አለችኝ። ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

ረቡዕ 3

ስብሰባው። ዋናው ሐኪም፣ ነርሷ፣ መርፌ፣ በስልክ እትዬ፣ እኔ፣ እማዬ። ሐኪሙ ወደኔ ዞሮ «እናትህ ቤት ቢመለሱ ይችሉታል ትላለህ?» አለኝ። ምላሴ ላይ አሥር መልስ ነበረኝ።

«እሷን ይጠይቋት» አልኩ።

ሰው ሁሉ ጠበቀ። እትዬ እንኳ በስልክ ጠበቀች፤ ታምር ነው።

«ደረጃው... አሥራ አንድ ነው» አለች እማዬ። «አምስቱን... እዚህ ወጥቻለሁ። ስድስቱን... እዚያ... እወጣለሁ።»

ሐኪሙ ወረቀታችንን አንብቦ ለነርሷ አቀበላት። ተወሰነ፤ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። በሳምንት ሦስት ቀን ነርስ ይመጣል፣ ሁለት ቀን ማዕከሉ መጥታ ትለማመዳለች፣ ከሁለት ወር በኋላ ይታያል። የመኖሪያዎቹን ዝርዝር ለነርሷ መለስኩላት። ሌላ ሰው ሊያስፈልገው ይችላል።

ዓርብ 5

ገባች። ስድስተኛው ደረጃ ላይ ወንበር አስቀምጠን ነበር፤ ተቀምጣ ትንፋሿን ሰበሰበች። ከላይ የሚኖሩት ጎረቤቶች ሊወርዱ መጥተው ቆመው ጠበቁ። «እንለፍ?» ሲሉኝ እሷ «እለፉ... እኔ... አልቸኩልም» አለቻቸው። ሃያ አምስት ደቂቃ ፈጀ። እኔ ከኋላዋ ነበርኩ፣ ሳልነካት። ሸሚዜ በላብ ርሷል፤ የወጣችው ግን እሷ ናት።

ሰኞ 8

ከአርባ ሰባት ቀን በኋላ ሙሉ ቀን ልሠራ ሱቅ ገባሁ። ባለቤቴ እስከ ምሳ ከእማዬ ጋር ናት። ዩኒፎርሙ የሚረከብበት ቀን ነው፤ የመጨረሻዎቹን አሥር ሱሪዎች እየተኮስኩ ሳለ ስልኬ ጠራ። የእማዬ ቁጥር። ከታመመች ጀምሮ ራሷ ደውላ አታውቅም። ካውያውን ጥዬ አነሣሁት።

«እማዬ! ምን ሆንሽ? ወደቅሽ?»

ምንም የለም። ትንፋሿ ብቻ ነው የሚሰማኝ። ባልደረባዬ ማሽኗን አቁማ ታየኛለች። አልጮህኩም። ጠበቅኩ።

«ጨው... አልቋል» አለች።

«ጨው?»

«ስትመጣ... አምጣ።»

«እሺ። ማን ነገረሽ?»

«ማን... ይነግረኛል?» አለች፤ ቁጣዋ ሳይቀር ድኗል። «ቆሜ... አይቼ ነው እንጂ!»

የጨው ዕቃው ወጥ ቤት፣ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ነው። ስልኩን ዘጋችብኝ። ባልደረባዬ «ምን አሉህ?» ስትለኝ ሳቁም እንባውም አንድ ላይ መጣብኝ። ሱሪዎቹን ጨርሼ ወጣሁ።

ሁለት ኪሎ ገዛሁ።